“ምናልባት” ቦታ ያጣችባቸው ርዕሶች

እንደምን አመሻችሁ። ሌላ ወሬ ሳልጀምር አንድ የጋዜጣ ርዕስ ላንብብላችሁ። ከመካከሉ አንድ ቃል ሆን ብዬ ዘልያለሁ። “ሴቶች ነፍሳቸውን አስይዘው መራር ውጊያ ገጠሙ” ይላል። የአሜሪካ ጋዜጣ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የወጣ። ምን ገመታችሁ? አመፅ? አብዮት?

የዘለልኩት ቃል “ለናይለን” የሚል ነው። ውጊያው የስቶኪንግ ወረፋ ነበር።

ሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው በጣም ስቄአለሁ። ግን ሰዎቹ ያለ ምክንያት አልተጋፉም። በጦርነቱ ጊዜ ናይለን ሁሉ ለፓራሹትና ለገመድ ነበር የሚሄደው። ሰላም ሲመጣ ሁሉም ስቶኪንጉ ነገ ሱቅ ይገባል ብሎ ጠበቀ፣ ፋብሪካው ግን ሊደርስለት አልቻለም። በ1946 ሰኔ ላይ (ዛሬ የምጠራው ቀን፣ ወርና ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በፒትስበርግ ከተማ ለ13,000 ጥንድ ስቶኪንግ 40,000 ሰው ተሰለፈ። አስቡት፣ ሦስት ሰው ለአንድ ጥንድ! ፀጉር ተጎተተ፣ ፊት ተቧጨረ። ይህን ሁሉ ማታ ቢሮው ተቀምጦ ርዕስ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ለዓመታት ሲጽፍ የኖረው ስለ ውጊያ፣ ስለ ከበባና ስለ ድል ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ ቃላቱ ግን እጁ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ስቶኪንጉንም አዘመተው።

የዚያኑ ዓመት ሐምሌ 5 ቀን ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ሬያር የተባለ ሰው ሁለት ቁራጭ የዋና ልብስ ለሕዝብ አሳየ። ስሙን ቢኪኒ አለው። ከአራት ቀን በፊት አሜሪካ አቶሚክ ቦምብ የሞከረችበት የፓስፊክ ደሴት ስም ነው። የልብሱ ጨርቅ ላይ ምን እንደታተመ ታውቃላችሁ? የጋዜጣ ጽሑፍ። ሰውዬው ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ እርግጠኛ ስለነበር ጋዜጣውን ራሱ ይዞት መጣ!

እኔ የድሮ ጋዜጣ ርዕስ መሰብሰብ የምወድ ሰው ነኝ። የፊደል ግድፈት ያለበትን አልፈልግም፤ እሱ የትም አለ። ሆን ተብሎ የተዋሸውንም አልፈልግም፤ እሱ አያስቀኝም። ከሁሉ የምወደው ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ፣ ገና ያልመጣውን ደግሞ እንዳለፈ አድርጎ በትልልቅ ፊደል የጮኸውን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ሃያ ምናምን ዓመታት ደግሞ በዚህ የተሞሉ ናቸው።

ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ምክንያት እርሳስ ነው። ለማተሚያ ፊደል የሚቀልጠውን እርሳስ ማለቴ ነው። ያኔ ርዕስ የሚሠራው ከብረት በተቀረጸ ፊደል ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉን አጠበብ፣ አሳነስ አድርጋችሁ ትጨምቁታላችሁ። ብረት ግን አይጨመቅም። አምዱ ይህን ያህል ፊደል ይይዛል ከተባለ በቃ፣ ይህን ያህል ነው። ርዕስ ሰጪው በጣቱ ፊደል ይቆጥራል። አንድ ፊደል ከተረፈ ቃል መቀየር አለበት። እስቲ ንገሩኝ፣ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል የቱ ነው? “ምናልባት” ነዋ! “ይመስላል”፣ “ይጠበቃል”፣ “እንደተባለው”፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ ይፈጃሉ። ስሙ ይቀራል፣ ግሡ ይቀራል፣ ጥርጣሬው ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ከ1940 ጀምሮ እስከ 1956 መጨረሻ በራሽን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንኳ ለዓመታት የአንድ ታላቅ ጋዜጣ ገጽ በጣት የሚቆጠር ነበር። በዚያ ጥበት “ምናልባት”ን ማን ያስተናግዳት?

ከዚህ በኋላ የማነሳላችሁን ርዕሶች ሁሉ ስትሰሙ “ምናልባት” የቱ ጋ እንደወደቀች ፈልጉልኝ።

በ1947 ሰኔ 24 ኬኔት አርኖልድ የሚባል አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሬኒየር ተራራ አካባቢ የራሱን ትንሽ አውሮፕላን እያበረረ ሳለ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሲከንፉ አየሁ አለ። እንዴት ነበር የሚበሩት ሲሉት፣ ሳህን ውኃ ላይ ሲወረወር ነጠር ነጠር እንደሚለው ነው አለ። እሱ በኋላ እንዳስረዳው ያነጻጸረው አበራረራቸውን እንጂ መልካቸውን አልነበረም። ጋዜጦቹ ግን “እንደ” የምትለዋን ቃል ጣሏትና “በራሪ ሳህን” አሉት። በቃ! ከዚያ ቀን ወዲህ አሜሪካዊው ወደ ሰማይ ባንጋጠጠ ቁጥር የሚያየው ሳህን ሆነ። ለእኔ ይህ አስገራሚ ነው። ሰው ያየውን ጋዜጣ ሲጽፍ እናውቃለን፣ እዚህ ግን ጋዜጣ የጻፈውን ሰው ማየት ጀመረ።

ልክ በሁለት ሳምንቱ ነው። ሐምሌ 8 ቀን ሮዝዌል በምትባል የኒው ሜክሲኮ ከተማ የሚታተመው ሮዝዌል ደይሊ ሬከርድ የፊት ገጹ ላይ ምን አለ? የሮዝዌል ጦር አየር ሰፈር በአካባቢው ባለ የከብት እርባታ ውስጥ በራሪ ሳህን ማረከ! ማረከ ነው ያለው። ወሬውን የሰጠው የጦር ሰፈሩ ራሱ ስለነበር ጋዜጣውን ብዙ አልወቅሰውም። በማግስቱ ያው ጋዜጣ ሌላ ርዕስ ይዞ ወጣ። “ጄኔራል ሬሚ የሮዝዌልን ሳህን ባዶ አደረጉት” ይላል። የተገኘው የላስቲክ ቅዳጅ፣ ብርማ ወረቀትና ቀጫጭን እንጨት ነበር፤ የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛ ነው ተባለ። በ1994 ደግሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ነገሩን ገለጠው። ፊኛው የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ከሩቅ ለማዳመጥ የተላከ የምስጢር ፕሮጀክት አካል ነበር።

ሁለቱን ርዕሶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የመጀመሪያው ዕድሜው አንድ ቀን ነበር፤ ግን እስከ ዛሬ በካናቴራ ላይ ይታተማል። ሁለተኛው እውነቱን ተናገረ፤ ማንም አያስታውሰውም። እኔ ግን የምወደው ሁለተኛውን ነው። “ባዶ አደረጉት” የሚለው ቃል እንዴት ያለ ፊኛ ማስተንፈሻ ነው!

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። ፎቶውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን ባቡር ላይ ቆመው፣ እስከ ጆሯቸው ድረስ እየሳቁ፣ አንድ ጋዜጣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል። ጋዜጣው የኅዳር 3 ቀን 1948 ቺካጎ ደይሊ ትሪቢዩን ነው። ርዕሱ ሦስት ቃል ነው። “ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ”።

ዲዊ በዚያ የፕሬዝዳንት ምርጫ የትሩማን ዋና ተፎካካሪ ነበሩ። ያሸነፉት ግን ትሩማን ናቸው። 303 ለ189 በወኪል መራጮች ድምፅ። ተቀራራቢ እንኳ አልነበረም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ “እንዴት ያሉ ሰነፎች ናቸው” ብሎ ያልፋል። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ስንፍና አልነበረም። የጋዜጣው ፊደል ለቃሚዎች ወደ አንድ ዓመት ገደማ አድማ ላይ ነበሩ። ጉዳዩ በ1947 ከወጣው የሠራተኛ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ጋዜጣው ፊደል መልቀሙን ትቶ ጽሑፉን በታይፕራይተር ይመታል፣ የተመታውን ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶውን ወደ ማተሚያ ሰሌዳ ይገለብጣል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። የመጀመሪያውን እትም ለማድረስ ከወትሮው ብዙ ሰዓት ቀድሞ ገጹን መዝጋት ግድ ሆነ። ማለትም የምሥራቁ ግዛቶች ድምፅ እንኳ በቅጡ ሳይቆጠር ነው ርዕስ የሚሰጠው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። በዚያች ሌሊት ግን ለቃሚዎቹም አልነበሩም!

ታዲያ ባዶ ገጽ አይወጣም፣ ምን ይጻፍ? የዋሽንግተን ዘጋቢያቸውን አርተር ሲርስ ሄኒንግን ጠየቁ። ሰውዬው በሃያ ዓመት ውስጥ ከአምስት የፕሬዝዳንት ምርጫ አራቱን በትክክል የተነበዩ ናቸው። ዲዊ ነው አሉ። እናንተ ብትሆኑ አታምኗቸውም? አገሩ በሙሉ ያለው ያንኑ ነው። ኒውስዊክ 50 የፖለቲካ ጋዜጠኞችን ጠይቆ ሃምሳውም ዲዊ ብለዋል። አንድ እንኳ አላፈነገጠም። ኤልሞ ሮፐር የተባሉት የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ገና በመስከረም “ከእንግዲህ መጠየቁ አያስፈልግም” ብለው አቆሙ። ሌላው መዛኝ ጋሎፕም ጥያቄውን የጨረሰው ከምርጫው ሁለት ሳምንት ግድም ቀደም ብሎ ነው። ላይፍ መጽሔት ደግሞ የዲዊን ፎቶ በጀልባ ላይ አወጣና ከሥሩ “ቀጣዩ ፕሬዝዳንት” ብሎ ጻፈበት። ትሩማን ያን ጊዜ በባቡር አገሩን እያካለሉ፣ በየጣቢያው እየቆሙ ይናገሩ ነበር። መራጩ በእነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ልቡ ሲዞር የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

ስህተቱ እስኪታረም 150,000 ያህል ቅጂ ታትሞ ነበር። ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 4፣ ትሩማን ከሚዙሪ ወደ ዋሽንግተን ሲመለሱ ሴንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ ቆሙ። አንድ ቅጂ እጃቸው ገባ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ያ ጋዜጣ ለትሩማን ጥሩ ቃል ኖሮት አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ያ ሳቅ የዓመታት ቂም የወጣበት ሳቅ ነው። በፖለቲከኛ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ያልተቀባ ደስታ ሌላ ቦታ አላየሁም። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር እኔም እንደ አዲስ ደስ ይለኛል።

ግን እስቲ ርዕስ የሰጠውን ሰው አስቡት። “ዲዊ ሳያሸንፍ አይቀርም” ቢል ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ያች አንዲት “ምናልባት” ቦታ ብታገኝ ኖሮ ፎቶው የለም፣ ሳቁም የለም።

ወደ ሰማይ እንመለስ። ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት አመጠቀች። በማግስቱ ኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጹን ከዳር እስከ ዳር በሦስት መስመር ርዕስ ሞላው። የሞስኮው ጋዜጣ ፕራቭዳስ ምን አደረገ? የመንግሥት ዜና አገልግሎቱን ደረቅ መግለጫ “የታስ መግለጫ” ከሚል ርዕስ ሥር በመጠኑ አስቀመጠው። እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ! የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድርን የሚዞር ነገር ሠርቶ፣ የሠራው አገር ጋዜጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራው። ከዚያ ምዕራቡ ዓለም እንደተንጫጫ ሰሙ። ጥቅምት 6 ቀን ፕራቭዳ ገጹን በሙሉ ለስፑትኒክ ሰጠ። የራሳቸውን ዜና ትልቅነት ከባላንጣቸው ጋዜጣ ነው የተረዱት። በዚህ ስብስብ ውስጥ ጥርጣሬ ሳይሆን ጩኸት የጎደለው ርዕስ ይኼ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው የወደድኩት።

አሜሪካም መልስ ለመስጠት ተጣደፈች። ታኅሣሥ 6 ቀን ቫንጋርድ የተባለችውን ሮኬት በቴሌቪዥን ፊት ተኮሰች። ሮኬቷ አንድ ሜትር ከምናምን ከፍ አለች፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆየች፣ ተመልሳ ተቀምጣ ጋየች። ጫፏ ላይ የነበረችው ኪሎ ተኩል የምትመዝን ሳተላይት ግን ተስፈንጥራ መሬት ላይ ወደቀችና ምልክቷን ማሰማቷን ቀጠለች። ከሲኦል መሃል “አለሁ፣ አለሁ” እንደማለት።

የለንደን ጋዜጦች በማግስቱ የተደሰቱት መደሰት! ደይሊ ኤክስፕረስ “ካፑትኒክ” አላት። ካፑት በጀርመንኛ የተሰበረ፣ ያለቀለት ማለት ነው። ደይሊ ሄራልድ ደግሞ “ፍሎፕኒክ” ብሎ አወጣላት፤ ፍሎፕ በእንግሊዝኛ ዘጭ ማለት ነው። ሌላው “ስቴይፑትኒክ” አለ፤ ካለችበት ንቅንቅ የማትል። ያች “ኒክ” የምትል የሩሲያኛ ቅጥያ በሁለት ወር ውስጥ የዓለም ሁሉ መጫወቻ ሆነች።

አሁን ስሙኝማ፣ የሚያስቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። ስፑትኒክ በ1958 ጥር መጀመሪያ ላይ ወደ ምድር ተመልሳ ተቃጠለች። የካፑትኒክ እህት፣ ቫንጋርድ አንድ፣ መጋቢት 17 ቀን 1958 በሰላም መጠቀች። ዛሬም እየዞረች ነው። ሬዲዮዋ ከዘጋ ስልሳ ዓመት አልፎታል፣ እሷ ግን እላያችን ላይ አለች። በሰው እጅ ተሠርተው ጠፈር ላይ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሷ ናት። የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ትንሽነቷን በብርቱካን ዓይነት ፍሬ መስለው የቀለዱባት ያቺው ናት።

የኃይል ምንጭን በተመለከተ ቶሎ ልለፍ፤ እዚያ ቦታ የነበረው ተስፋ ብዙ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ አያልቅም። በ1954 መስከረም የአሜሪካ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሉዊስ ስትራውስ ለሳይንስ ጸሐፊዎች ንግግር ሲያደርጉ፣ ልጆቻችን በቆጣሪ መለካት እስከማያስፈልገው ድረስ ርካሽ የሆነ ኤሌክትሪክ ይኖራቸዋል አሉ። እነዚያ ልጆች ዛሬ አያት ናቸው። ቆጣሪውም ግድግዳው ላይ አለ። በ1958 ጥር ደግሞ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ዜታ የተባለ ማሽን ውስጥ የፀሐይን ዓይነት ኃይል ሳናመነጭ አልቀረንም አሉ። ዋናው ሰውዬ ሰር ጆን ኮክክሮፍት ሲጠየቁ 90 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብለዋል። ያቺ 10 በመቶ “ምናልባት” ናት! ጋዜጦቹ ግን ለሚሊዮን ዓመታት የማያልቅ ነዳጅ ተገኘ ብለው ወጡ። በግንቦት ወር ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ያ የለኩት ነገር የጠበቁት እንዳልሆነ አመኑ። ያን ለመናገር ጉልበት ይጠይቃልና እኔ አከብራቸዋለሁ።

አንዱ ግን ሳቄን እየቀነሰው የመጣ አለ። ሐምሌ 8 ቀን 1958 ኒው ዮርክ ታይምስ “የባሕር ኃይል አዲስ መሣሪያ እየሠራ ይማራል” የሚል ርዕስ አወጣ። ፍራንክ ሮዘንብላት የተባለ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የሥነ ልቦና ሊቅ ፐርሴፕትሮን የሚለውን፣ ማሽን ከራሱ ሙከራ የሚማርበትን ሐሳብ አሳይቶ ነበር። ዜናው ላይ የባሕር ኃይሉ ይህ መሣሪያ ወደፊት ይራመዳል፣ ይናገራል፣ ያያል፣ ይጽፋል፣ ራሱን ያባዛል፣ መኖሩንም ያውቃል ብሎ እንደሚጠብቅ ተጽፏል። በዚያ ቀን ሐሳቡ የተሞከረበት ኮምፒዩተር ያሳየው ምን ነበር? ከ50 ሙከራ በኋላ ግራና ቀኙን መለየት። በሚሰጠው ካርድ ላይ ምልክቱ በየትኛው በኩል እንዳለ ማወቅ ቻለ፣ አለቀ።

ለብዙ ዓመት ይህን ርዕስ የማወጣው ሰው ለማሳቅ ነበር። ከግራና ቀኝ ተነስቶ መኖሩን እስከማወቅ! አሁን ግን ማሽኖቹ ይጽፋሉ፣ ያያሉ፣ ይናገራሉ፤ ሥራቸውም ከዚያው ከሮዘንብላት ሐሳብ የበቀለ ነው። እሱ በ1971 በጀልባ አደጋ ሞተ፤ አላየውም። ስለዚህ ይህን ርዕስ ከ“አሳቂዎቹ” ሳጥን አውጥቼ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ራሱን ያባዛል የሚለውን ገና እየጠበቅን ነው።

የመጨረሻዋን ላሳያችሁና ልጨርስ። ርዕሷ በትንሽ ፊደል የተጻፈች ናት፤ “እርማት” ብቻ ትላለች። ሐምሌ 17 ቀን 1969 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጣች። ነገሩ የሚጀምረው በ1920 ነው። ሮበርት ጎዳርድ የተባሉ የፊዚክስ መምህር ሮኬት ጨረቃ ሊደርስ ይችላል ብለው ነበር። ጋዜጣው በርዕሰ አንቀጹ፣ ሮኬት አየር በሌለበት ቦታ የሚገፋው ነገር ስለማይኖር አይሠራም፤ እኒህ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ አያውቁም አላቸው። እዚያም “ምናልባት” የለችም።

እርማቷ ስትወጣ 49 ዓመት አልፏል። ጎዳርድ ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ በ1945 ነሐሴ ሞተዋል። ጋዜጣው ተጨማሪ ምርምር የአይዛክ ኒውተንን ግኝት እንዳረጋገጠ፣ ሮኬት አየር በሌለበትም እንደሚሠራ አሁን በእርግጠኝነት እንደታወቀ ጠቅሶ፣ በስህተቱ ማዘኑን ጻፈ። አፖሎ 11 የተነሳችው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ያቺ ትንሽ እርማት ስትታተም ሦስቱ ሰዎች በዚያው አየር በሌለበት መንገድ ወደ ጨረቃ እየሄዱ ነበር።